ያ የጋላራጋ ፈገግታ

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ሌላ ርዕስ ነበረኝ፤ ይቆየን። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ሰው አለ። ጂም ጆይስ። የቤዝቦል ዳኛ። አዎ፣ እንደገና ቤዝቦል። ታገሱኝ።

ጁን 2 ቀን 2010፣ ዲትሮይት። የከተማው ቡድን ታይገርስ ከክሊቭላንድ። ወርዋሪው አርማንዶ ጋላራጋ፣ የቬንዙዌላ ልጅ። 26 መቺ ቀረበ፣ 26ቱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። 27ቱንም አንድም ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚረግጠው ጣቢያ) ሳያስረግጥ ከጨረሰ ፐርፌክት ጌም ነው። እስከዚያ ምሽት ድረስ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ረጅም ታሪክ 20 ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር።

27ኛው ጄሰን ዶናልድ ነው። መታ። ኳሷ መሬት ለመሬት ሄደች። የጋላራጋ ቡድን ጓደኛ ሚጌል ካብሬራ አነሳት። ጋላራጋ ራሱ ወደ አንደኛ ቤዝ ሮጠ፣ ካብሬራ ወረወረለት፣ ቀለበ፣ ቤዙን ረገጠ። ኳሷ ከሯጩ ቀድማ ከደረሰች ሯጩ ወጣ ማለት ነው። ሯጩ ገና ነው። በግልጽ ገና ነው! ጆይስ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሴፍ። ደርሷል አለ።

ሯጩ ራሱ ጭንቅላቱን ያዘ፣ አስቡት። ጋላራጋ ግን... ፈገግ አለ። ቁጣ የለ፣ ጩኸት የለ። ሰው ሁሉ ይቅር ባይነት ነው ይላል። እኔ እንጃ። በዚያች ሰከንድ ይቅርታ ከየት ይመጣል? ድንጋጤም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተመልሶ ቀጣዩን ሰው አስወጣና ጨዋታውን ጨረሰ።

ጆይስ ቪዲዮውን አየ። ልጁን ፐርፌክት ጌም አሳጣሁት ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ጋላራጋ ፊት አለቀሰ። በማግስቱ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ከመቺው ጀርባ ቆሞ ዳኘ። የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ይዞለት የመጣው ጋላራጋ ነበር። ጆይስ እንባውን መቆጣጠር አልቻለም።

የዳኛ ኑሮ እኮ ከባድ ነው። ቡድን ከ162 ጨዋታ ግማሹን የሚጫወተው በሜዳው ነው። ዳኛ ሜዳዬ የሚለው የለውም፤ ከሆቴል ሆቴል ነው። ትልቁ ሊግ ለመግባት ደግሞ በታችኞቹ ሊጎች ዓመታት ይፈጃል። ጆይስ በ1987 ገብቶ እስከ 2016 ዳኘ። ያ ውሳኔ በተሰጠበት በ2010 ሰሞን ተጫዋቾች ተጠይቀው ምርጡ ዳኛ ያሉት እሱን ነው። በ2012 ፊኒክስ ላይ ከጨዋታ በፊት ራሷን የሳተች የስታዲየም ሠራተኛ ደረቷን እየተጫነ ሕይወቷን አትርፏል። ስሙ ሲጠራ ግን የሚነሳው ያቺ አንዲት ውሳኔ ናት። ይሄ ያናድደኛል። በጣም ያናድደኛል።

ከ2014 ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ቪዲዮ ታይቶ ወዲያው ይታረም ነበር። ያኔ ግን የሊጉ ኃላፊ፣ ኮሚሽነሩ ባድ ሴሊግ፣ ውሳኔውን አልለውጥም አለ። ዳኛው አምኖ፣ አገር ሁሉ አይቶ! አንዱን ከለወጥክ ሌላውስ ይላሉ። እሱም... ልክ ሊሆን ይችላል። አይ፣ አላሳመነኝም።

ደግሞ በ2020 ጋላራጋ ራሱ ሊጉ ያንን ጨዋታ ፐርፌክት ብሎ እንዲመዘግብለት ጠየቀ። ከአሥር ዓመት በኋላ። ታዲያ ይቅር ማለትና መብትን መጠየቅ አብረው ይሄዳሉ? ይሄዱ ይሆናል። ወይም ያን ቀን ሰው ሁሉ ፈገግታውን አይቶ፣ በቃ ጉዳዩ አልቋል ብሎ... አላውቅም። ልጁን ማንም አልጠየቀውም ማለቴም አይደለም፣ ግን...