ትንንሾቹ ኮሌጆች በዚያ የኮሮና ዓመት መጫወት ነበረባቸው?

እሷ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ስለ ፉትቦል ነው የምናወራው። የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ የአሜሪካኑን፣ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትን። ጥያቄያችን እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2020፣ ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ትንንሾቹ ኮሌጆች መጫወት ነበረባቸው ወይ? ትልልቆቹን ለጊዜው እንተዋቸው። አላባማም ኦሃዮ ስቴትም ገንዘብ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው።

እሱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ነገር ከአንቺ ጋር ስንት ጊዜ እንደተከራከርን ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የእህቴ ልጅ የዚያን ጊዜ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ይጫወት ነበር። ስሙን አልጠራም። እኔ ይጫወቱ ባይ የነበርኩት በእሱ ምክንያት ነው።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ። ያን ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ ሁለታችንም ዳር ቆመን አይደለም የምናወራው።

እሱ፦ እሺ፣ ከየት እንጀምር?

እሷ፦ ከጁላይ። ጁላይ 8 ቀን አይቪ ሊግ፣ እነ ሃርቫርድ፣ እነ ዬል ያሉበት ማለት ነው፣ በመስከረም በሚጀምረው ወቅት አንጫወትም አሉ። ሳምንት አልፎ ሚአክ ተከተለ። ሚአክ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ኮንፈረንስ ነው፤ ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጋጠሙ ኮሌጆች ማኅበር ነው። ሃዋርድን ደግሞ የዲሲ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፣ ናይንዝ ስትሪት ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በእግር ትደርሳለህ። ከዚያ ስዋክም ጨዋታውን ወደ ሚቀጥለው ዓመት አዛወረ። ሁለቱም የጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ ናቸው። እኔን የነካኝ ይሄ ነው። ያኔ ኮሮና ጥቁር አሜሪካውያንን ከሌላው አብልጦ ይገድል ነበር። ልጁ ጠንካራ ነው፣ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ሳል ይዞት ያልፋል። ግን ለምስጋና ቀን ቤቱ ሲሄድ የሚያቅፋት አያቱ አለች። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውሳኔውን ሲወስኑ አያቲቱን ቆጥረዋታል።

እሱ፦ እሱን አልክድም። ግን ቆይ፣ የሌላውን ወገን ልንገርሽ። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው የክሌምሰን ኳርተርባክ፣ ማለት ኳሱን አከፋፋዩ፣ ትሬቨር ላውረንስ በኦገስት የተናገረውን ታስታውሻለሽ? ሲዝኑ ቢሰረዝም አደጋው አይቀንስም ነው ያለው። ልጆቹ ወደየሰፈራቸው ይበተናሉ፣ እዚያ ርቀቱን የሚጠብቅ የለም፣ ቢታመሙ ሕክምናውን ከኪሳቸው ነው። ትምህርት ቤት ሲሆኑ ግን የሚከታተላቸው ሰው አለ።

እሷ፦ ለክሌምሰን ልክ ነው! ክሌምሰን ሐኪሙም፣ ላቦራቶሪውም፣ ለይቶ የሚያስቀምጥበት ክፍልም አለው። እንደዚያም ሆኖ ላውረንስ ራሱ በኦክቶበር መጨረሻ ተይዞ ሁለት ጨዋታ አመለጠው። አንተ የምታወራው ግን ስለ እህትህ ልጅ ኮሌጅ ነው። እዚያ ስንት የጤና ባለሙያ ነበር?

እሱ፦ ለቡድኑ አንድ ሰው ነበር። ያውም ከሌሎች ስፖርቶች ጋር የሚጋሩት።

እሷ፦ ለመቶ ልጅ አንድ ሰው! አየህ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለዚህ ነው። ትልቁ ተጫወተ ብሎ ትንሹ እጫወታለሁ ካለ፣ ትልቁ የሚያወጣውን ማውጣት አለበት። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የኤንሲኤኤ፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ መመሪያ ተጫዋቾቹ በየሳምንቱ ይመርመሩ ይል ነበር፣ ያውም ከጨዋታው በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ያኔ ለአንድ ምርመራ ይከፍል የነበረው ወደ 100 ዶላር ነው። መቶ ተጫዋች ካለህ በሳምንት 10 ሺህ ዶላር። አሠልጣኙ፣ ሹፌሩ፣ ማሊያ አጣቢው ሳይቆጠር። አሥር ሳምንት ስትጫወት 100 ሺህ ዶላር አለፈ። ላይብረሪ ለማደስ ገንዘብ አጣሁ የሚል ኮሌጅ ይህን ከየት ያመጣል?

እሱ፦ ገንዘብ ካነሳሽ ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ትንሹ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ትልቁ ቡድን ሜዳ ሄዶ ይሸነፋል፣ ግን ትልቁ የሚከፍለውን ቼክ ይዞ ይመለሳል። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን በላይ። ለነዚህ ቡድኖች የዓመቱ በጀት ትልቅ ቁራጭ እሱ ነው። ጁላይ 9 ቀን ቢግ ቴን፣ እነ ኦሃዮ ስቴት ያሉበት፣ ከራሳችን ኮንፈረንስ ውጭ ከማንም አንጫወትም አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ብዙ ቼክ በዚያው ቀረ።

እሷ፦ ይሄማ ለኔ ክርክር ነው የሚጠቅመው። ገቢው ሄዶ ወጪው ብቻ ከቀረ ለምን ይጫወታሉ?

እሱ፦ ምክንያቱም የስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጡት፣ ዲቪዥን ሦስት የሚባሉት ትንንሽ የግል ኮሌጆች፣ ፉትቦል ለእነሱ የተማሪ ቁጥር ነው። አንድ ሺህ ምናምን ተማሪ ያለው ኮሌጅ መቶውን የሚያመጣው በፉትቦል ነው። ልጆቹ ከፍለው ነው የሚማሩት። ጨዋታ የለም ካልካቸው ግማሾቹ ቤታቸው ይቀራሉ፣ ወይም እዚያው ሰፈራቸው ያለ ርካሽ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ያኔ የሚጎዳው አሠልጣኙ ብቻ አይደለም፤ የታሪክ መምህሩም ሥራ ያጣል፣ የካፌዋ ሠራተኛም ታጣለች።

እሷ፦ እሱ ገብቶኛል፤ ከልቤ ነው የምልህ። ግን የመምህሩን ደመወዝ በልጅ ሳንባ መክፈል አለብን እያልክ ነው?

እሱ፦ አይደለም፣ እንዲያ አላልኩም። የሁለቱም ወገን ጉዳት እውነተኛ ነው ነው የምለው። ቤት መቀመጡም ያጠፋል። የእህቴን ልጅ ያየሁት እኔ ነኝ። ከማርች ጀምሮ ቤዝመንት ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት እየነቃ። እናቱ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስትገባ ልብሷን ጋራዥ ውስጥ ቀይራ፣ ታጥባ፣ ለሱ ምግብ በር ላይ አስቀምጣ ነበር የምታልፈው። አንድ ቤት እየኖሩ ለሳምንታት አልተቃቀፉም። ጁን ላይ ኮሌጁ ለልምምድ ኑ ሲል ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ያን ሳቅ አይቼ እንዴት አይጫወት ልበል?

እሷ፦ ወረቀቱን ግን ንገራቸው።

እሱ፦ አዎ፣ ወረቀቱ። ሲሄድ አንድ ወረቀት አስፈረሙት። ኮሮና ቢይዘኝ ትምህርት ቤቱን አልከስም የሚል። ሃያ አንድ ዓመቱ ስለሆነ ራሱ ፈረመ፤ እናቱ የሰማችው ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን ደውላልኝ ስታለቅስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «እዚህ አገር ልጄን የሰጠሁት ለትምህርት ነው» አለችኝ።

እሷ፦ በኋላ ኤንሲኤኤ ራሱ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ማስፈረም ከለከለ፤ ኦገስት መጀመሪያ ላይ። በዚያው ቀን የዲቪዥን ሁለትና ሦስት የመስከረሙ ሻምፒዮና ተሰረዘ። ስማ፣ እኔ የምለው ይሄን ነው። ደህና ነው የሚል ትምህርት ቤት አትክሰሰኝ የሚል ወረቀት አያስፈርምም። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው አደጋውን ያውቃል፤ ልጁ ላይ ነው ያስተላለፈው።

እሱ፦ እዚህ ጋ አሸንፈሽኛል። ግን የተጫወቱትን ሁሉ በአንድ ሚዛን አትመዝኚ። ኮስታል ካሮላይናን ተመልከቺ። ከጥቂት ዓመት በፊት በትንንሾቹ ምድብ የነበረ ቡድን ነው። ዲሴምበር ላይ ሊገጥሙት የነበረው ሊበርቲ በኮሮና ምክንያት ቀረ። ሐሙስ ቀን ለቢዋይዩ፣ ለብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ፣ ተደወለ፣ ቅዳሜ ከዩታ ድረስ በረው መጡ። ሁለቱም ያልተሸነፉ ነበሩ። ኮስታል 22 ለ 17 አሸነፈ፤ የመጨረሻዋ ኳስ ወደ ግቡ መስመር አንድ ያርድ ሲቀራት ነው ያስቆሙት። ያን ጨዋታ ያየ ሰው የዚያን ዓመት ጨለማ ለሦስት ሰዓት ረስቷል። እኔ ረስቻለሁ።

እሷ፦ እኔም አይቼዋለሁ፤ ውብ ነበር። ግን ያው ዓመት ዩማስ፣ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሆነውንም አንሳ። ኦገስት ላይ አንጫወትም ብለው ወስነው ነበር፣ ልክ ነበሩ። ከዚያ አንጫወትም ብለው የነበሩ ትልልቆች ሲመለሱ እነሱም ሐሳባቸውን ቀየሩ። አራት ጨዋታ ተጫወቱ፤ አራቱንም ተሸነፉ። በአራቱ ተደምሮ ያስቆጠሩት 12 ነጥብ ነው፤ የገባባቸው 161። የሽንፈቱ ነገር አይደለም የከነከነኝ። ሳይዘጋጁ፣ ሳይለማመዱ እነዚያን ልጆች ሜዳ ማስገባት ኮሮና ባይኖርም ጉዳት ነው። ዩኮን፣ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ግን ኦገስት 5 አንጫወትም ብሎ ወሰነ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በጋራ መግለጫ ደገፉት፣ በዚያው ጸና። ለኔ የዚያ ዓመት ጀግኖች እነዚያ ልጆች ናቸው።

እሱ፦ መጫወት እየፈለጉ አንጫወትም ማለት ከባድ ነው። እሱን እኔም አከብራለሁ።

እሷ፦ ሌላ ልጨምር። ያን ሰሞን ሐኪሞች የልብ ጡንቻ መቆጣት ያሳስባቸው ነበር። የቦስተን ሬድ ሶክሱ ኤድዋርዶ ሮድሪገስ ከኮሮና ካገገመ በኋላ ልቡ ላይ ተገኝቶበት ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሏል። ያ ሚሊዮነር የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ኤምአርአይ የሚያነሳው ሰው ሞልቷል። በትንሽ ኮሌጅ ያለ ልጅ ደረቱን ሲወጋው ማን ያየዋል?

እሱ፦ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፔንሲልቬንያውን ልጅ አስታወስሽኝ።

እሷ፦ ነፍሱን ይማር። ሃያ ዓመቱ ነበር። ኮሮና ይዞት ሴፕቴምበር 8 ነው ያረፈው። ግዙፍ፣ ፊት ለፊት የሚጋጠም ተጫዋች ነበር።

እሱ፦ እና እሱ ላይ በጥንቃቄ መናገር አለብን። የእሱ ኮንፈረንስ ጨዋታውን አስቀድሞ ሰርዞ ነበር። ስለዚህ ፉትቦል ገደለው ማለት አይቻልም። አለመጫወትም አላዳነውም።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ አይቻልም። እኔም አልልም። ከእሱ የወሰድኩት ሌላ ነው። ወጣት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ምንም አይሆንም የሚለው ወሬ ውሸት ነበር። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑት እነዚያ ልጆች ጠንካራ ስለሚመስሉ አደጋ የማይደርስባቸው አድርገን ነበር የምናያቸው።

እሱ፦ እሺ፣ እኔ አሁን የደረስኩበትን ልንገርሽ። ኦገስት 13 ኤንሲኤኤ ለኤፍሲኤስ፣ ማለት ለሁለተኛው እርከን ቡድኖች፣ የመስከረሙን ሻምፒዮና ሰረዘ። ሁላችንም አለቀ ብለን አዝነን ነበር። ግን አላለቀም። በ2021 ከክረምቱ በኋላ ተጫወቱ። የቀድሞው የፕሮፌሽናል ፉትቦል ኮከብ ዲዮን ሳንደርስ ጃክሰን ስቴትን ማሠልጠን የጀመረው በዚያ ወቅት ነው። ሜይ 16 ፍሪስኮ፣ ቴክሳስ ላይ ሳም ሂውስተን ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 23 ለ 21 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በመሃል ክትባት መጣ። አያቶቹ ተከተቡ። መጠበቅ ይቻል ነበር ማለት ነው።

እሷ፦ ኖርዝ ዳኮታ ስቴትንም ጨምር። በመስከረሙ ወቅት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወቱት፣ ከሴንትራል አርካንሳስ ጋር። ኳርተርባካቸው ትሬይ ላንስ ዓመቱን ሙሉ ያቺን አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ልጆችን በሚመርጡበት በድራፍቱ ሦስተኛ ሆኖ ተመረጠ።

እሱ፦ እሱ ከሺህ አንድ ነው፤ በእሱ ሌሎቹን አታጽናኚ። ግን ነገሩ ገብቶኛል። ዛሬ ብጠየቅ መልሴ ይሄ ነው። ልጆቹን በየሳምንቱ መርምሮ፣ ቢታመሙ አሳክሞ፣ አልጫወትም ያለውን ስኮላርሺፑን ሳይነካ የሚያኖር ትምህርት ቤት ትንሽም ቢሆን ይጫወት። ከሦስቱ አንዷን ያጣ ይጠብቅ። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ሁለቱን አጥቷል። ያኔ ይጫወቱ ስል ተሳስቼ ነበር፤ እህቴንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

እሷ፦ ምን አለችህ?

እሱ፦ «አንተ ልጄ እንዲስቅ ነው የፈለግከው፣ እኔ እንዲኖር ነው የፈለግኩት» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

እሷ፦ እሱ በመጨረሻ ተጫወተ ወይ?

እሱ፦ ተጫወተ። ኮንፈረንሱ የመስከረሙን ጨዋታ ሰርዞ በ2021 ኤፕሪል ሁለት ጨዋታ አደረጉ። ወላጅ አይገባም ነበር፤ እኔና እህቴ ሶፋ ላይ ተቀምጠን በስልክ ነው ያየነው። ምስሉ ይቆራረጣል። እሷ የማሊያውን ቁጥር ብቻ ነበር የምትፈልገው፣ ኳሱ የት እንዳለ አታውቅም። «ቆመ? ተነሳ?» ትላለች፣ በወደቀ ቁጥር።

እሷ፦ ከዚያ በኋላ አንድ የመጫወቻ ዓመት ተጨምሮላቸው አልነበር? ኤንሲኤኤ ያለፈው አይቆጠርባችሁም ብሏቸው ነበር።

እሱ፦ ተጨምሮላቸው ነበር። ስኮላርሺፕ ላለው ልጅ ስጦታ ነው። ከፍሎ ለሚማር ልጅ ግን አንድ ዓመት ማለት የአንድ ዓመት ክፍያ ነው። እህቴ እከፍላለሁ አለች፣ ትርፍ ሰዓትም ልትሠራ ተዘጋጅታ ነበር። እሱ እንቢ አለ። ሜይ ላይ ተመረቀ፣ ሄልሜቱን ለኮሌጁ መለሰ፣ ሰኞ ሥራ ገባ።