ካርዱን ገልብጠሃል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከፎቶግራፍ ባለሙያ ጋር

የዛሬ ደዋዮች ከከተማዋ ዳርቻ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ትተው በካሜራ ብቻ መኖር የጀመሩ።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ የሒሳብ ሥራዬን ትቼ ሙሉ በሙሉ ወደ ፎቶ ከገባሁ ዓመት ሆነኝ። ሰርግ፣ መልስ፣ ልደት አላጣሁም። ግን ፎቶዎቼን ሳያቸው የማን እንደሆኑ ግራ ይገባኛል። መንገዴን እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ እሰማዋለሁ። ልጄ፣ የማን እንደሆኑ እኔ ልንገርህ፤ የሙሽራዋ ናቸው። «እንደዚህች አንሳኝ» ብላ ስልኳን አሳየችህ፣ አነሳህ፣ ከፈለችህ። ነውር የለውም፣ እንጀራ ነው። ችግሩ ከሰኞ እስከ ዓርብም ሙሽራዋ እያዘዘችህ መሆኑ ነው።

በሳምንት አንድ ጠዋት ለራስህ አስቀር። ላሊበላ አትሂድ። ከቤትህ በእግር የምትደርስበትን አንድ ቦታ ያዝ። እናንተ ጋ ኮንዶሚኒየሙ ማሳው ድረስ መጥቶ ቆሟል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? በአንድ ሌንስ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሥራ። 6 ሰዓት ላይ እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይቀራል። በየወሩ 20 ፎቶ መርጠህ አሳጥብ። ወለሉ ላይ ዘርጋቸውና ሳታውቅ የደጋገምከውን ፈልግ። እኔ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የማነሳው ሁሉ በር መሆኑን ያየሁት፦ የተዘጋ በር፣ ገርበብ ያለ በር፣ በር ላይ የቆመች ሴት። በር አንሳ ያለኝ ሰው አልነበረም። ደግሞ ማታውኑ የካሜራውን ሜሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ!

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ለራሴ ሥራ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?

መልስ፦ ያለህን።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የራሴን ዕይታ ለመግለጽ ብዬ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት በመኪና መስኮት አነሳሁ። ሰው በጣም ወደደው። አሁን ልጃቸው ነኝ ያለች ልጅ አጥፋው እያለችኝ ነው። ጥበብ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አጥፋው። ዛሬ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ስማኝ።

የራስህን ዕይታ ነው ያልከው። እስቲ ምንህ አለበት? አንተ መኪና ውስጥ ነበርክ። ስማቸውን አታውቅም፤ ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ሸክሙን በስንት እንደሚሸጡት አታውቅም። እኚህን እናት ጎንበስ እንዳሉ ስንት ቱሪስት አንስቷቸዋል! አንተ የጨመርከው ጥቁርና ነጭ ማድረጉን ነው።

እንዲህ የሚል ሰው ሁልጊዜ ይደውላል። ለማኝ፣ ሊስትሮ፣ ፊቱ ላይ ዝንብ ያረፈበት ሕፃን። የባንክ ሥራ አስኪያጁን ከመኪናው ሲወርድ ለምን አታነሱትም? ስለሚቆጣ። የሚቆጣውን ትታችሁ ዝም የሚለውን ታነሳላችሁ፤ ይህን ድፍረት አትበሉብኝ።

ሕግም አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 መሠረት የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ጥምቀትና መስቀል ላይ ሕዝብ መሃል ማንሳት ሌላ ነው፤ ሕጉ በአደባባይ ለሚደረግ በዓል ቦታ ትቷል። የአንዲት እናት ድካም ግን በዓል አይደለም።

ከልጅቷ ጋር ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ካሜራውን ቤት ተወው። ቡና ካፈሉልህ ጠጣ። ሌላ ቀን ሂድ፣ ሌላም ቀን። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው «አታነሳኝም ወይ?» ካሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ይቆሙልሃል። ካላሉ አለማንሳት ነው። ካነሳህ ደግሞ አሳጥበህ ስጣቸው፤ «አመጣለሁ» ብሎ የጠፋው ፎቶ አንሺ ስንቱ ነው!

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ብጀምር ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። እሱንም ገልብጪ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጾም ሲገባ ሰርግ ጠፋ። ከፋሲካ በኋላ ላሉት ሰርጎች የተቀበልኩትን ቀብድ በላሁት። ካሜራ መንካት አስጠላኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ሰው ማየት አልፈልግም።

መልስ፦ እህቴ፣ ዐቢይ ጾም በየዓመቱ 55 ቀን ነው፤ ድንገት አልመጣብሽም። ከጥር ሰርግ ላይ ለጾሙ ይቀመጣል። ቀብድ ሥራው እስኪሠራ የሰው ገንዘብ ነው። ለባለ ሰርጎቹ ዛሬውኑ ደውይ፤ ተደብቀሽ አትቆዪ። እንቅልፍ ማጣቱን ግን እኔ አልመልስልሽም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂና ለሐኪም ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪ።

ጥያቄ (ከገላን)፦ አንድ ድርጅት ሳይጠይቀኝ እኔ ያነሳሁትን ፎቶ ቢልቦርድ ላይ ሰቀለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶ ከተነሳበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ጥበቃ አለው። ከዚህ በላይ ልተንትን ብል አሳስትዎታለሁ፤ ጠበቃ ያናግሩ። ዋናውን ፋይል አምጣ ይልዎታል። አለዎት? እስካሁን ካርዱ ላይ? ጌታዬ፣ ስልኩን ይዝጉና ይገልብጡ!