ዝም ያለች ዶሮ ሁሉ የለመደች አይደለችም

የተከበራችሁ የጓሮ ዶሮ አርቢዎች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤

በመርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈው ዶሮን ስለ ማላመድ በአጠቃላይ እንድናገር ነው። ስለ ሌላውም ጥቂት እላለሁ፤ ከቤቴ ያስነሣኝ ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ ቅር የሚለው ቢኖርም እናገረዋለሁ።

ባለፈው ስብሰባችን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ አባላችን «እንዴት እንደለመደችኝ ተመልከቱ» ብሎ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፎ ወደ ፊት ወጣ። ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አጋደማት፤ ደረቷን በመዳፉ ጥቂት ተጭኖ እጁን አነሣ። ዶሮዋም እግሮቿን ወደ ላይ እንዳደረገች ድርቅ ብላ ቀረች። ከኋላ የነበሩት ለማየት ተነሡ፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ወጡ፤ አንዱ «አስተኛት!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ሳያበቃ ዶሮዋ ድንገት ተገልብጣ ተነሣችና ከወንበሮቹ ሥር ገባች፤ ባለቤቷ ቢጠራትም አልወጣችም፤ እሷን ፍለጋ ስብሰባው ተቋረጠ። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፦ ይህች የለመደች ዶሮ ናትን?

አይደለችም! ያየነው የፍርሃት ድንዛዜ ነው። አዳኝ የያዛት ዶሮ መታገል ካልጠቀማት ትደነዝዛለች፤ ያዡ ሲዘናጋም ታመልጣለች። ተመራማሪዎች ይህንኑ ድንዛዜ የፍርሃት መለኪያ አድርገውታል፤ በጀርባዋ ደርቃ የቆየችበት ጊዜ በረዘመ መጠን ፍርሃቷ እንደበዛ ይቆጠራል። እነሱ ፍርሃት ብለው የሚመዘግቡትን እኛ ፍቅር ብለን አጨበጨብንለት። እግሯን ይዞ ዘቅዝቆ መሸከምም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ዶሮ እንደ እኛ ሆድንና ደረትን የሚለይ ድያፍራም ስለሌላት፣ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን እየተጫነ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ትንፋሽ ያጠራትን ፍጥረት «ጨዋ ናት» የምንል እኛ ምን ዓይነት አርቢዎች ነን?

የዶሮ ዋና የዘር ምንጭ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች የሚኖረው ቀይ የጫካ ዶሮ ነው፤ ለእርሱ ሞት ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከሰማይ ነበር። ዛሬም አውራ ዶሮ ጭልፊት ሲያይ የሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ፣ በምድር ለሚመጣ አዳኝ ከሚያሰማው የተለየ ነው። ስለዚህ ቆመን ከላይ የምንሰደው እጅ፣ ጥሬ ቢይዝም እንኳ፣ ለእሷ ጭልፊት ነው። ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጥሬውን መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ በትኑ፣ ከቀን ወደ ቀን አቅርቡት፣ በመጨረሻም መዳፋችሁን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ጠብቁ። ከእጃችሁ መልቀም በጀመረች ቀን ግን ለመያዝ እንዳትቸኩሉ፤ ብዙው ሰው የገነባውን የሚያፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ምግብ ስትሰጡም ዘወትር አንድ ዓይነት ድምፅ አሰሙ፤ አውራውም ጥሬ ሲያገኝ ሴቶቹን የሚጠራው በተለየ ድምፅ ነው።

በእናታቸው ለሚፈለፈሉ ጫጩቶች ትውውቁ የሚጀምረው ገና በእንቁላል ውስጥ ነው፤ የሚፈለፈሉበት 21ኛው ቀን ሲቃረብ ከቅርፊቱ ውስጥ ይጮኻሉ፣ እናቲቱም ትመልስላቸዋለች። እናንተም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በለሰለሰ ድምፅና በዝግታ ብትቀርቧቸው በኋላ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል።

ስትነኳት ቁጢጥ የምትል ዶሮም አታታላችሁ፤ ያ ብዙ ጊዜ እንቁላል መጣል የደረሰች ዶሮ ለአውራ የምታሳየው አኳኋን ነው። ለሕክምና መያዝ ግድ ከሆነ ሲመሽ ከቆጥ ላይ አንሷት፤ በጨለማ ደኅና ስለማታይ ማባረር አያስፈልግም። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የተባለው ሆድ የሚያውክ ተህዋስ ጤነኛ ከምትመስል ዶሮም ይተላለፋል።

የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ በስብሰባችን ማንም ሰው ዶሮ በጀርባዋ አጋድሞ ወይም ዘቅዝቆ አያሳይ፤ ማሳየት የሚፈልግ መሬት ላይ ይቀመጥና ዶሮዋ በራሷ ፈቃድ ወደ እርሱ ትምጣ። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር እጠይቃለሁ፤ የምትቃወሙ ካላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ።