ፍሙ መኝታ ቤት አይገባም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ክረምቱ ገብቷል፤ የሱሉልታን ብርድ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል። ከእንጦጦ ጀርባ መብራት ሄድ መጣ ሲል የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይቀመጥና ማድቤት እንጨት ይነዳል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ እንጨትና ከእሱ ስለሚቀረው ፍም ነው።

በእኛ ግቢ እንጀራ የሚጋገረው በምርጥ ምድጃ ነው፤ ያ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው። ከሦስት ጉልቻ አንጻር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቆጥባል ይባልለታል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ግን ምድጃው ምን ያድርግ? ትናንት የተቆረጠ ባህር ዛፍ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ ያንን ሲያተን ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ለእኛ ጭሱ ይተርፈናል። ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ሁለቱን ሲያጋጩት ቋ የሚል እንጨት ምረጡ። በፌስታል ማቀጣጠል ይቅርብን። ነዳጅ ማርከፍከፍማ ጭራሽ!

ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ ቢያንስ ያባርራል፤ በር ያስከፍታል። እኔን የሚያስፈራኝ ድምፅ አጥፍቶ የሚመጣው ነው።

ጋግረው ሲጨርሱ ከምጣዱ ስር የሚቀረው ፍም ያምራል። ማን ይጥለዋል? በከሰል ምድጃ ይታፈስና ቡና ይፈላበታል። ከዚያ ለሙቀት ተብሎ መኝታ ቤት ይገባል። የግቢያችንን እማማ «ኧረ ይሄ ነገር ያፍንዎታል» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ጭሱ እኮ አልቋል! ስንት ዘመን ስንሞቀው ኖረን» አሉኝ።

ጉዳዩ ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ በዚህ ጋዝ ላይ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ። ብዙ ሰው ብርድ የመታው ይመስለውና ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል። ክፋቱም እዚህ ጋ ነው፤ እንቅልፍ ከወሰደው የሚቀሰቅሰው ነገር የለም። ሎሚ ማሸተት፣ ወተት ማጠጣት ጊዜ ማባከን ነው። ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

አመዱንም እንዲሁ አትመኑት። ከላይ በርዶ ሆዱ ውስጥ ፍም እስከ ማግስቱ ሊያድር ይችላል። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሳይሆን ክዳን ባለው ቆርቆሮ፣ ከቤት ውጭ አስቀምጡት።

«ለብርዱስ ታዲያ?» አሉኝ እማማ። እውነታቸውን ነው፤ አትሙቁ ብቻ ብሎ መሄድ አይቻልም። አሁን ማታ ማታ ማድቤቱ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ፍሙ ላይ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል። ውሃው በላስቲክ መያዣ ተሞልቶ አልጋ ውስጥ ይገባል፣ ፍሙ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ «እንደ ሕፃን ታቅፌው ልተኛ?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። አሁን እግር እንዳያቃጥል ብለው የሱፍ ካልሲ አልብሰውታል።

በሉ፣ ደህና ሰንብቱልኝ።