አሳባቂ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ርዕሱ ትንሽ ከበደኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ያሾፍበታል። ምን ይሉት እንደነበር አልደግመውም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት "ሁላችሁም ታዩኛላችሁ" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። አሳባቂ እባላለሁ ብዬ ነዋ! ምንም ሳይፈጠር ዓመቱ አለቀ። ልጁ በቀጣዩ ዓመት አልተመለሰም።

እሱን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ሕጎች ያነበብኩት ነገር ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የአገሪቱ ሲክሬት ሰርቪስና የትምህርት ሚኒስቴሩ አንድ ላይ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2000 በትምህርት ቤቶች የደረሱ 37 ጥቃቶችን አጥንተው ነበር። በ81 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ሰው ነገሩን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ደግሞ ጓደኞች፣ የክፍል ልጆች፣ ወንድምና እህት ናቸው። እንደ እኔ ዝም ያሉ ልጆች ማለት ነው። ይህቺን ቁጥር ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ በሚገኝ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ሲገደሉ ኮንግረሱ ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ለቁልፍና ለብረት መፈተሻም፣ ለስልጠናና ስም ሳይጠቅሱ ለሚጠቁሙበት መስመርም ይሆናል። በ2022 ቴክሳስ፣ ዩቫልዴ በሚገኝ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። በወሩ ሌላ ሕግ ተፈረመ። በዚህኛው 1 ቢሊዮን ዶላር የተመደበው በትምህርት ቤት ለሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና አማካሪዎች ነው። በ2025 ሚኒስቴሩ ድጋፉ እንደማይቀጥል ለብዙዎቹ ተቀባዮች ነገራቸው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ካሜራ አንዴ ከተገጠመ ግድግዳው ላይ ይኖራል። ሰው ግን በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የጥቃት መከላከልና የአእምሮ ጤና በአንድ ሕግ ሲታሰሩ ደስ አይለኝም። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም። የጨነቀው ልጅ ሁሉ እንደ ተጠርጣሪ ከታየ ማን አፉን ይከፍታል? እኔ ብሆን አልከፍትም። አማካሪው ዘንድ የነገርኩት ነገር ነገ ፖሊስ ዘንድ ይገኛል ብዬ እፈራለሁ። በእርግጥ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን አማካሪው ዝም ማለት አይችልም፤ ይገባኛል። ግን ያ ድንበር ለልጁ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገረው።

ስም የማይጠየቅበት መስመርም ቢሆን ስልኩን የሚያነሳው ሰው ይወስነዋል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይመክራል። ለእኔ እሱም ብዙ ነው። 250 ልጅ!

ያኔ ልናገር ብዬ ብነሳ ማን ጋ እሄድ ነበር? የርዕሰ መምህሩን ቢሮ የማውቀው በቅጣት ነው። ገብቼ ስለዚያ ልጅ ብናገር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ምን አጠፋ?" ብለው ነው። "ምን ሆኖ ነው?" የሚለኝ ሰው አልነበረም።