ነገ ላናገኘው ለምንችለው ሰው (የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር)

ውድ የማህበራችን አባላት፣ ነርሶች፣ ሶሻል ወርከሮች፣ አስተርጓሚዎች፣ በጎ ፈቃደኞች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ!

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። መንገድ ላይ ያለን ስደተኛ "ሳምንት ተመለስ" ልንለው አንችልም፣ ሳምንት የት እንደሚያድር እሱም አያውቀውም እኮ። ስለዚህ ባገኘነው በዛች ግማሽ ሰዓት ምን ሰጥተን እንሸኘው ነው ጥያቄው።

ቁስል፣ እከክ፣ ተቅማጥ በዓይን ስለሚታይ ቶሎ እንደርስበታለን። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የተቋረጠ መድሃኒት ነው። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊኑ ካለቀ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ የተለመደው የቲቢ ህክምና ደግሞ 6 ወር ነው፣ ሰውየው ግን በዚህ ጊዜ ስንት ድንበር ያልፋል፣ መሃል ላይ ሲያቋርጥ በሽታው መድሃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። በቂ መድሃኒት እንስጠው፣ የመድሃኒቱን ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑን፣ የጀመረበትን ቀን፣ ክትባቱን ጽፈን ወረቀቱን ለራሱ እንስጠው፣ በስልኩም ፎቶ ያንሳው። ግን ኤችአይቪን የመሰለ ነገር ቦርሳውን የፈተሸ ሁሉ እንዳያነበው እሱን ሳንጠይቅ አንጻፍ።

የተደፈረች ሴት ስትመጣ ሰዓቱ ይቆጥራል። የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒቱ ከተደፈረችበት ጊዜ አንስቶ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም እስከ 120 ሰዓት ነው፣ ሁለቱም በቶሎ ሲሆን ይሻላል። መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ማለት ይቅር፣ በጣም ነው የምለምናችሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ የለህም ብሎ በር መዝጋትም እንደዛው። የተመድ የኢኮኖሚ፣ ማህበራዊና ባህላዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ጤና መብት ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 14 ላይ ጥገኝነት ጠያቂም ሆነ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ህክምና እንዳይከለከል በግልጽ ተቀምጧል።

ማህበራዊ ድጋፉን ከህክምናው ነጥለን ካየነው ህክምናውም አይሰራም። ሆስፒታል እንላክሽ ስንላት እምቢ የምትል ነፍሰ ጡር አብረዋት የመጡት ጥለዋት እንዳይሄዱ ፈርታ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ የት እንደሚያርፉ፣ ማን አብሯት እንደሚሄድ፣ በምን እንደምትመለስ ካልነገርናት የላክንላት አምቡላንስ ባዶውን ይመለሳል። ብቻውን የመጣ ልጅ ካለም የቀይ መስቀል የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት ጋር የሚያገናኘው ሰው እዛው ይኑር፣ እና እባካችሁ ልጅን ለእናቱ ምርመራ አስተርጓሚ አናድርግ፣ እናትየው ልጇ ፊት የደረሰባትን አትናገርም፣ ልጁም ያንን መስማት የለበትም።

ከሰዓት በኋላ ባለው ውይይት ሁላችንም የምንጠቀምበት አንድ ዓይነት የጤና ካርድ ላይ እንድንስማማ እፈልጋለሁ። አስተርጓሚዎች፣ ቅድሚያ እናንተ ተናገሩ፣ የቱ ጥያቄ ሰውን እንደሚያስፈራው ከሁላችንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።