በአማርኛ ጠይቄ የወጣልኝን ድምር ልመነው?

ጥያቄ፦ ከአዳማ የደወሉልን አድማጭ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። የመረጃ ቋቱን በተራ አማርኛ የሚጠይቁበት ፕሮግራም ተገጥሞላቸዋል፤ የጥቅምትን ሽያጭ ቢጠይቁት ግን ድምሩ ከደረሰኞቹ እጅግ በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ድምሩን ከደረሰኝ ጋር ማመሳከርዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ጀማሪን ይበልጥ የሚጎዳው ፕሮግራሙ «አልቻልኩም» ሲል ሳይሆን የተሳሳተ ቁጥር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሲያቀርብ ነውና። እንዲህ ያለውን ብልጫ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የሠንጠረዦች መጣመር ነው። በአንዱ ሠንጠረዥ ደረሰኙ ከነጠቅላላ ዋጋው፣ በሌላው ደግሞ የተሸጡት ዕቃዎች በየረድፋቸው ተመዝግበው ከሆነ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ደረሰኙ በዕቃዎቹ ቁጥር ልክ ይደገማል፤ ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቀለም የተሸጠበት የ9,000 ብር ደረሰኝም ሦስት ጊዜ ተደምሮ 27,000 ብር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ «ጠቅላላ ዋጋውን ከደረሰኞች ሠንጠረዥ ብቻ ደምር» ብለው ይዘዙት።

ቀኑንም ያጣሩ። የመረጃ ቋቶች በአብዛኛው ቀን የሚይዙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ጥቅምትን እንደ ኦክቶበር ሊወስደው ይችላል፤ የ2018 ጥቅምት ግን ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2025 ያለው ነው። መነሻና መድረሻ ቀኑን ራስዎ ቢጽፉለት ይሻላል። በደንበኛ ስም ሲፈልጉም «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችው «ጸሀይ» ተብላ ብትፈለግ ላትገኝ ትችላለች፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የደወለች ተማሪ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለ የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ የሆነውን ኤስኪውኤል መማር ለምን ያስፈልጋል ትላለች።

መልስ፦ አቀላጥፈሽ መጻፍ ባይጠበቅብሽም ማንበብ ግን ያስፈልግሻል፤ በዚህ አቋሜ ጽኑ ነኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪዎች ይህን ቋንቋ ሲያስተዋውቁ ፕሮግራም መጻፍ የማይችሉ ሰዎችም እንዲጠቀሙበት አስበው ነበር፤ ለዚህም ነው መሠረታዊ ቃላቱ ጥቂት የሆኑት። ሴሌክት የሚወጣውን አምድ፣ ፍሮም ሠንጠረዡን፣ ዌር ማጣሪያውን፣ ጆይን መጣመሩን፣ ግሩፕ ባይ ደግሞ አመዳደቡን ይናገራሉ። እነዚህን አምስቱን ካወቅሽ፣ ፕሮግራሙ የአማርኛ ጥያቄሽን ወደ ኤስኪውኤል ለውጦ የጻፈውን ትእዛዝ እንዲያሳይሽ አድርገሽ የትኛውን ሠንጠረዥና የትኛውን ቀን እንደተጠቀመ በዓይንሽ ታረጋግጫለሽ። መልመጃሽንም መልሱን በእጅሽ ቆጥረሽ ልታረጋግጪው በምትችይ፣ ሃያ ረድፍ ያህል ባላት ትንሽ ሠንጠረዥ ጀምሪ፤ በእውነተኛ የመሥሪያ ቤት መረጃ ላይ የምትሠሪ ከሆነም፣ ማንበብ እንጂ መሰረዝም ሆነ መለወጥ የማይፈቅድ የመግቢያ ስም እንዲከፈትልሽ የሲስተም ኃላፊውን አስቀድመሽ ጠይቂ።